የተሰረዘው የዋና ፈተና

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ
ከቢሮ

ይድረስ ለልጄ እናት፤

እንዴት ሰነበትሽ? እህትሽ ዘንድ እንቅልፍ ይወስድሻል? እኔን "ደህና ነው" ብለው ቢነግሩሽ አትመኚ። እበላለሁ፣ እላጫለሁ፣ ቢሮ እገባለሁ፣ ያ ብቻ ነው። ቤቱ እንደተውሽው ነው። የስፌት መኪናሽ ላይ የጀመርሽው መጋረጃ እስካሁን መርፌው ስር አለ፤ ላነሳው እልና እተወዋለሁ። የልጁን ክፍል አልከፈትኩትም። በሩ ጋ ስደርስ እግሬ ይፈጥናል።

ለአጣሪ ቦርዱ ያስገባሽውን አቤቱታ አሳዩኝ። ሐሙስ ጠዋት ይታያል። ልጃችን ከመርከቡ መሰላል ተንሸራትቶ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ፣ መንሳፈፊያው ቀለበት እስኪወረወርለት እንኳ ራሱን ማቆየት ያልቻለው የባሕር ኃይሉ ካምፕ የውሃ ዋና አሰልጣኝ ሳይፈትነው ስለላከው ነው ብለሻል። እውነትሽን ነው፣ አልፈተነውም። ማዕረጉ እንዲገፈፍ፣ እንዲታሰርም ጠይቀሻል። ፊርማሽ ተጣሟል። አደራሽን ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ ከዚያ ብትፈልጊ ቅደጂው።

የዛሬ ሦስት ዓመት እሑድ ሳይቀር ቢሮ እየገባሁ ታኮርፊኝ የነበረውን አልረሳሽም። እግረኛው፣ አየር ኃይሉና ባሕር ኃይሉ አንድ ዓይነት መሠረታዊ ሥልጠና ይውሰዱ ወይስ ለየብቻ የሚለውን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሞ እኔ ጸሐፊው ነበርኩ። አንድ ይሁን ባዩም እኔው፣ ለዚያውም ድምፄን ከፍ አድርጌ። በክፋት አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜ አየር ማረፊያው ሲከበብ መካኒኮቹ በሞተር ብልሃተኞች ነበሩ እንጂ መዋጋት ያሳያቸው ሰው አልነበረም። አራቱን በእጄ ቀብሬያለሁ። የአንደኛው ጠመንጃ መጠበቂያው እንኳ አልተከፈተም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወታደር ወታደር ነው፣ መመዘኛውም አንድ ነው እያልኩ ኖርኩ። ስለነዚያ አራት ልጆች ተሳስቼ ነበር ማለት ዛሬም ያቅተኛል።

አንድ ይሁን ሲባል ግን ሁሉም ካምፕ ሊፈትነው የሚችለው ብቻ ይያዝ ተባለ። የእግረኛው ካምፕ መዋኛ የለውም። ስለዚህ የዋና ፈተናው ከመመዘኛው ተሰረዘ፤ መርከበኞቹ ከተመደቡ በኋላ ቀስ ብለው ይማሩታል ብለን አለፍነው። ያን ጊዜ ነው አንቺ የከሰስሽው ሰውዬ ብድግ ያለው። አንገቱ ላይ ከማትጠፋው ፊሽካ የተነሣ ልጆቹ እሱንም ፊሽካ ይሉታል። ሌላው ሁሉ አንድ ይሁን፣ ሩጫውም፣ ተኩሱም፣ መዋኘት የማይችል ሰው ግን መርከብ ላይ አይውጣብኝ፣ ይቺን ብቻ ተዉልኝ አለ። ተከራከረ ከምልሽ ለመነን ብልሽ ይቀላል። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም፤ "ታዲያ የአየር ኃይሉ ወጥ ቤት መብረር ይፈተን?" አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ቁጭ አለ። ተቃውሞውን ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍኩለትም። "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ብሎ መጨረስ አምሮኝ ነበር። ልጃችንን ከቀበርን በኋላ መመዘኛው ይታረም ብዬ ማመልከቻ ባስገባ፣ በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ስለሆነ አይነካም ብለው መለሱልኝ።

በዚህ ቢያበቃ ምናልባት አፌን ይዤ እኖር ነበር። አላበቃም።

ባለፈው ዓመት ፊሽካ በዕረፍት ቀኑ፣ እሑድ እሑድ፣ ምልምሎቹን ዋና ያስተምራል የሚል ወሬ ደረሰኝ። ያዘዘው የለም። ልጆቹም ወደው ነው የሚሄዱት። እኔ ግን አንዱ ካምፕ ከሌላው የተለየ ከሰጠ አንድነቱ ምኑ ላይ ነው ብዬ ተናደድኩ። ከጸደቀው መመዘኛ ውጪ የሚሰጥ ሥልጠና ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፣ ይህ ባይሆን በዲሲፕሊን ያስጠይቃል ብዬ ጻፍኩበት። ፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ። ልጃችን እዚያው ካምፕ መሆኑን እያወቅሁ እሑድ የሚሄዱት እነማን ናቸው ብዬ አልጠየቅሁም።

ትናንት ሰውዬው ቤት ሄድኩ። አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ወንበር፣ አልጋ፣ መስኮቱ ላይ የተሰጣ ፎጣ። ወንበሩን ለእኔ ለቆ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ያን ደብዳቤዬን ለቦርዱ ቢያሳይ በነጻ እንደሚለቁት ያውቃል። ለምን እንዳላሳየ ጠየቅሁት።

"ልጁን የቀበረ ሰው ላይ ይሄን እንዴት አወጣለሁ?" አለኝ።

ልጃችን ከእሑድ ልጆቹ አንዱ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። ደብዳቤዬ የደረሰ ዕለት ልጁ ፊርማዬን አይቶ፣ አባቴን እኔ አናግረዋለሁ ብሎ ነበር አሉ። በሳምንቱ ሲጠይቀው፣ ይቅር ጌታዬ አለው። ለእኔ አልደወለም። ለምን እንዳልደወለ አንቺም እኔም እናውቃለን፤ አንዴ የፈረምኩትን ለልጄም ብዬ እንደማላነሳ ያውቅ ነበር።

ምን ያህል ችሎ ነበር አልኩት። ምን ሊረባኝ እንደጠየቅሁ እንጃ። በጀርባው መንሳፈፍ ጀምሮ ነበር፣ ግን ሃያ እስክቆጥር እንጂ ከዚያ በላይ አይቆይልኝም ነበር አለ። እዚያ ላይ ዝም ባልኩ ይሻለኝ ነበር።

"ስንት እሑድ ቀርቶት ነበር?"

"ቢበዛ ሁለት።"

ያልለቀስኩትን ሁሉ እዚያ ሰው ቤት አለቀስኩት። ሽማግሌው ተነሥቶ በሩን ዘጋልኝ፣ መንገደኛ እንዳያየኝ።

ሐሙስ ቦርዱ ፊት ቆሜ የደብዳቤውን ግልባጭ እሰጣለሁ፤ ቃለ ጉባኤውንም እኔ እንዳጎደልኩት እናገራለሁ። ከዚያ የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ። አቤቱታሽን አንሺ አልልሽም። ልጅሽን አጥተሽ ያንንም ተዪ የምልበት አፍ የለኝም። የጻፍሽው ቃል በቃል ትክክል ነው፤ የሰውዬውን ስም ብቻ አውጥተሽ የእኔን አስገቢበት።

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናው። እህትሽንም ይባርካት፣ ብቻሽን አልተወችሽምና።

የልጅሽ አባት