ያልረጋው ስብ

ይድረስ በዴይተን ለምትኖሪው ለእህቴ ለኦሌታ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? እኛ ጉልበቴን ብርዱ ከማሳመሙ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ሐሙስ ዕለት አሳማዎቹን አረድን። ስቡን እንደ ልማዳችን ደጅ፣ በትልቁ የብረት ድስት አቅልጬ ማሰሮ ውስጥ ገለበጥኩት። ይኸው ሦስተኛ ቀኑ፤ ውርጭ ላይ ውሎ አድሮም እንደ ዘይት ይፈሳል እንጂ አልረጋም። እንዲህ የሚሆነው ጫካ ገብቶ የባሉጥ ዛፍ ፍሬ የበላ አሳማ ስብ ነው። የእኛዎቹን ግን ስባቸው እንዲጠነክር ብለን ከመስከረም ጀምሮ በረት ዘግተን በቆሎ ብቻ ነበር የቀለብናቸው።

ባሌ ዊላርድ የአሳማዎቹን ገንዳ ቢያይ ሥሩ የባሉጥ ፍሬ ሞልቶታል፤ የእያንዳንዱ ፍሬ ጫፍ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ ቆብ ተነቅላለች። "አንቺ ሴትዮ፣ እናትሽ ከመቃብር ተነሥታ ነው እንዴ አሳማ የምትቀልብልን?" ብሎ ሳቀ። እማዬ በመጨረሻው ዓመቷ፣ እኛን በስማችን መጥራት ሲያቅታት፣ ልክ እንዲህ ቆቡን እየነቀለች ፍሬውን ለአሳማዎቹ ታበላ እንደነበር ታስታውሻለሽ አይደል? "ዝም ብለህ እንጨትህን ፍለጥ!" አልኩት።

ከዚያ ሽርጤን ላጥብ ኪሱን ባራግፈው የባሉጥ ፍሬ ቆብ መሬቱ ላይ ተበተነ። ጠርጌ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ለዊላርድ አልነገርኩትም።

መልስ ስትጽፊልኝ የልጆችሽን ስም ከትልቁ እስከ ትንሹ በተራ ጻፊልኝ፤ እንዲሁ ላየው ፈልጌ ነው። ጌታ አንቺንም ቤትሽንም ይጠብቅልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ ኦርፋ