«ዳማከሴውን ጻፊ»፦ የወይዘሮ እታገኘሁ ይርሳው የሕይወት ጉዞ፣ 1949–2017 ዓ.ም.

ወይዘሮ እታገኘሁ ይርሳው ከአባታቸው ከአቶ ይርሳው ምንውየለትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰገደች ሞላ በ1949 ዓ.ም. በአርሲ፣ ሲሬ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተመድበው የመጡ ሰው ነበሩ። ቤቱ አማርኛ፣ ደጁ ኦሮምኛ ስለነበር እታገኘሁ በሁለቱም ቋንቋ ሲከራከሩ አደጉ፤ በአንዱም ሲረቱ ያየ የለም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሲሬ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በአሰላ ተከታትለው በ1970 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በ1971 ዓ.ም. እዚሁ አሰላ በአንድ የገብስ መረከቢያ መጋዘን በናሙና መርማሪነት ተቀጠሩ። በ1973 ዓ.ም. ከአቶ ቱሳ ኦብሳ ጋር ጋብቻ መሥርተው ኖህንና እዮኤልን አፍርተዋል። አቶ ቱሳ በ1994 ዓ.ም. ሲያርፉ «አሁን ምን ትሆኚ ይሆን?» ላሏቸው ሁሉ «ሥራ እገባለኋ!» ብለው መለሱ፤ በሰባተኛው ቀንም ገቡ።

በ2003 ዓ.ም. በሰኔ ወር አንድ ቀን ከሥራ እንደተመለሱ ቀኝ ዓይናቸው ደም መሰለ፤ ቀኝ ግንባራቸውን ፈለጣቸው፣ አስመለሳቸው። አምፖሉን ሲያዩ ዙሪያው ቀስተ ደመና ሆነባቸው። እዚህ ላይ ዘለል ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው አበራሽ ናት፤ ያን ቀን ቤት የነበረችውም እሷው ናት። «ምች ነው» አለች። ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ አሸች፣ በአፍንጫቸው ጨመቀች፣ የቀረውን በሻይ አጠጣች፣ ጋቢ ደራርባ አስተኛቻቸው። እታገኘሁ «ሐኪም ቤት ውሰዱኝ» ቢሉም «ምች የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ አለቀለት» ብላ በሩ ላይ ቆመች። ሁለት ቀን ሙሉ!

በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ኖህ አክስቱን ገፍቶ እናቱን ተሸክሞ ወጣ። ሕመሙ ግላኮማ ነበር። በዓይናቸው ውስጥ ያለው ውኃ መውጫ አጥቶ ግፊቱ ጣሪያ ነክቷል። ግፊቱ በመድኃኒት ከተቀነሰ በኋላ አዲስ አበባ ተልከው በቀኝ ዓይናቸው ላይ በጨረር፣ ሌዘር በሚባለው፣ ለውኃው ማለፊያ የምትሆን ደቃቅ ቀዳዳ ተከፈተ። ግራ ዓይናቸውም ተመሳሳይ አፈጣጠር ስለነበረው ሳይታመም በፊት ያኔውኑ ተሠራ።

ከአራት ዓመት በኋላ የቀኙ ብሌን፣ ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት ጥርት ያለው የዓይን ፊት፣ ውኃ አዝሎ እየደፈረሰ ሄደ። በመጨረሻም ነጭ ሆነ። ያን ጊዜ አበራሽ አፏን ከፈተች። በየለቅሶው፣ በየሰርጉ፣ በእድሩ ስብሰባ ሳይቀር «እህቴን ጨረር አቃጠለብኝ» ስትል ኖረች። እታገኘሁ ደግሞ ከየትም ቦታ ሆነው «ውሸት ነው!» ይሉ ነበር። ሐኪማቸው የነገሯቸውን በቃላቸው ያውቁታል፦ ከብሌኑ ውስጥ ውኃ የሚያስወጡት ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ ጨረርም አልፎ አልፎ እነሱን ሊጎዳ ይችላል፤ የእሳቸውን ግን በብዛት የፈጀው የሁለቱ ቀን ግፊት ነው። ማስረጃውን ፊታቸው ላይ ይዘውት ይዞሩ ነበር። ያው ጨረር፣ ያው ሐኪም፣ ያው ቀን፤ ግራ ዓይናቸው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው በመርፌ ቀዳዳ ክር አስገብቷል።

ያ ነጭ ዓይን ከሥራቸው አላፈናቀላቸውም። «ይረፉ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳቸው በጀርባው «አልደከመኝም» ብለው ጽፈው መለሱት። የሳጉሬው ገበሬ ኦቦ ቱፋ አያዩኝም ብለው እርጥብ ገብስ ከጆንያው ሥር ደብቀው አመጡ። እታገኘሁ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ሰደው አንዲት ፍሬ አወጡና ነከሱ። «ኦቦ ቱፋ፣ የታመመው ዓይኔ ነው፤ ጥርሴ ደህና ነው። ጆንያዎን ይመልሱ» አሏቸው። ኦቦ ቱፋ ዛሬም ከእኛ ጋር ድንኳኑ ውስጥ አሉ፤ አይፈሩ፣ ይቅር ብለዎታል።

በ2009 ዓ.ም. በሙሉ ክብር ጡረታ ወጡ። የብሌን ንቅለ ተከላ ወረፋ ይዘውም ነበር። የቀኙ ነርቭ ስለተጎዳ ብዙ እንደማያዩበት ሲነገራቸው «ለሚያይበት ሰው ስጡልኝ» ብለው ስማቸውን አሠረዙ።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሥቷቸው ነበር። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፈይሩዛ ከሁለት ዓመት በፊት ግላኮማ ተገኝቶባቸው ጨረር ታዘዘላቸው። የእታገኘሁን ነጭ ዓይን አይተው፣ የአበራሽን ወሬ ሰምተው፣ ወረቀቱን ቀደዱት። እታገኘሁ በየጠዋቱ አጥር ተሻግረው ይለምኗቸው ጀመር፤ ይጣሏቸው፣ ያኮርፏቸው፣ እንደገና ይሄዱባቸው። ፈይሩዛ «እህትሽ ሌላ ትላለች» ይሉ ነበር። እህታቸውም ሌላ ትል ነበር። እውነቱን ብትናገር የእህቷን ዓይን ያጠፋችው እሷ መሆኗ ነው፤ ይህን መሸከም አቃታት።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የልብ ድካም ጸንቶባቸው ተኙ። አበራሽን ጠርተው «የሕይወት ታሪኬን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ዳማከሴውን ጻፊ። ከዘለልሽው ሳጥኑን ከፍቼ እነሣብሻለሁ!» አሏት። አበራሽም አለቀሰች፤ እሳቸው ግን ሳቁባት። «አንቺን አይደለም የምከሰው፣ ወሬውን ነው» አሏት። ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው አረፉ።

ይኸው ተጽፏል። ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ይነበባል፦ እታገኘሁን ጨረር አላቃጠላቸውም። አበራሽ ናት በሩ ላይ የቆመችው።

ወይዘሮ እታገኘሁ ሁለት ልጆችን፣ ኤልሮኢ የተባለች የልጅ ልጅና አንዲት እህት ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በማይደፈርስ ብርሃን ያኑርልን፤ ላለቀሳችሁና ለቆማችሁ ሁሉ ብድራችሁን ይክፈልልን።

ሰልስቱ ሰኞ ነው። አበራሽ አትገኝም፤ የሚያማት ይማት። ትናንት ይህን ጽሑፍ አስቀድማ ለወይዘሮ ፈይሩዛ አንብባላቸዋለች። ሰኞ ጠዋት ሁለቱ አንድ ላይ አዲስ አበባ፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ ናቸው።