እንሰት ያልተከለ ቤት አይረከብም

ወይዘሮ ካሳነሽ ሙሉካ ከአባታቸው ከአቶ ሙሉካ ሮባ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነበች ጅግሶ በ1947 ዓ.ም. በዲላ አቅራቢያ በምትገኘው በጪጩ ተወለዱ። ያደጉበት ጓሮ ከላይ ዋንዛ፣ ከሥሩ እንሰትና ቡና የነበረበት፣ ፀሐይ እንኳ አስፈቅዳ የምትገባበት ጓሮ ነበር። አባታቸው ሰውን የሚመዝኑት በእንሰቱ ነበር። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ “ነገ የሚሄድ ሰው እንሰት አይተክልም” ይሉ እንደነበር ወይዘሮ ካሳነሽ ደጋግመው ያነሡ ነበር። ይህች ቃል ኋላ የአንድ መንደር ሕግ ትሆናለች ብሎ ያኔ የጠረጠረ አልነበረም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአካባቢው በነበረው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠሩ፤ ከዚያም ዲላ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አብሮ አደጎቻቸው እንደሚመሰክሩት ከክፍል ይልቅ በመዘምራን ዘንድ ይታወቁ ነበር፤ ድምፃቸው ጎላ ያለ ስለነበር እሳቸው እያሉ የሌላው ስሕተት አይሰማም። በ1967 ዓ.ም. በዲላ ከተማ በአንድ የቡና መጋዘን በለቃሚነት ተቀጠሩ። በትጋታቸው የለቃሚዎች አስተባባሪ ሆነው እስከ ጡረታቸው ድረስ እዚያው አገለገሉ።

በ1978 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው ከአቶ ከፈለኝ ዱካሞ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻ መሥርተው አማኑንና ሀኒን አፈሩ። ትዳሩ የራሳቸው፣ ቤቱ ግን የሰው ነበር። አንዷ አከራይ “ልጅ አይጩህብኝ” ትላለች፤ ሌላው የስፌት መኪናው ድምፅ ራሱን ያመዋል። በ1986 ዓ.ም. ክረምት፣ ሀኒ ገና በአራስ ቤት ሳለች፣ “ልጄን ልድርበት ነውና ቤቱን ልቀቁ” ተባሉ። አቶ ከፈለኝ የስፌት መኪናውን በትከሻቸው፣ ወይዘሮ ካሳነሽ አራስ ልጃቸውን በጋቢ፣ ትንሹ አማኑ ደግሞ ፋኖሱን ይዞ በዝናብ ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ሊያስለቅቋቸው የመጡ እየመሰላቸው ይደነግጡ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. እንደ እሳቸው በኪራይ ከተንከራተቱ ለቃሚዎች፣ መምህራን፣ ሾፌሮችና ባለ ሱቆች ጋር ሆነው “ጥላ” የተባለውን የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። ከዲላ ወደ ጪጩ መውጫ ላይ ቦታ ሲሰጣቸው መተዳደሪያ ደንቡ እንዲህ አለ፦ ቤቱ የአባሉ ነው፤ ይዞታው የሁሉም ነው። ለቅቆ የሚሄድ አባል ላወጣው ወጪና ለጉልበቱ ተገምቶ ይከፈለዋል፤ ቤቱም ለደላላ ሳይሆን ተራ ለሚጠብቅ ተከራይ ይተላለፋል። ለመሸጥ ብቻ የሚመዘገቡ ሰዎች እንዳሉ ሲወራ፣ ወይዘሮ ካሳነሽ የአባታቸውን ቃል አመጡ። “እንሰት ያልተከለ ቤት አይረከብም” የሚል አንቀጽ በሳቅና በጭብጨባ ጸደቀ።

የዚህ ሕግ የመጀመሪያ ፈተና የሱቅ ነጋዴው አቶ ሠረቀብርሃን ነበሩ። ሠረቀብርሃን ከደብረ ብርሃን አካባቢ የመጡ፣ እንሰትን በምግብነት እንጂ በመልክ የማያውቁ ሰው ናቸው። ችግኙን ከተከራዩበት ግቢ ጀርባ ነቅለው አመጡ፤ በመስመር ተከሉ፤ በእሾህ አጠሩ፤ ጠዋት ማታ ውኃ አጠጡ። የማኅበሩ ኮሚቴ ሊያይ ሲመጣ በኩራት አጥሩን ከፈቱለት። የተተከለው ሙዝ ነበር! ለቃሚዎቹ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ የወይዘሮ ካሳነሽ ነጠላ ከትከሻቸው ወደቀ። ከኮሚቴው መካከል ግን ሕግ ሕግ ነው፣ ተራው ለሌላ ይለፍ ያሉ ነበሩ። ወይዘሮ ካሳነሽ እንባቸውን ጠርገው፣ “ጋሽ ሠረቀ ሕጉን አክብሮ ነው የተሳሳተው። እንዲህ አድርጎ ሙዝ የጠበቀ ሰው የትም አይሄድም” አሉ። በማግስቱ ከአባታቸው ጓሮ እንሰት አስመጥተው አብረዋቸው ተከሉ። አቶ ሠረቀብርሃን እስከ ዛሬ የማኅበሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ሙዙም ለመንደሩ ልጆች ተረፈ።

በ1991 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ራሱ ቤት ገባ። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ከፊት ለፊት የአቶ ከፈለኝ የስፌት መኪና የምትቀመጥበት በረንዳ ነበረው። ያ ዘመን ይናፍቃል። በየቤቱ መካከል አጥር ስላልነበረ ልጅ የበላበት ቤት አይታወቅም፤ ጨው ያለቀባት ሴት ከደጇ ሳትወጣ ትጣራለች፤ አመሻሽ ላይ የወይዘሮ ካሳነሽ መዝሙር እስከ አስፋልቱ ይሰማል። አቶ ከፈለኝ በ1999 ዓ.ም. በዚያው ቤት፣ በገዛ አልጋቸው አረፉ። ወይዘሮ ካሳነሽም በለቅሶው መካከል “ከራሱ ቤት ወጣልኝ” እያሉ ይጽናኑ ነበር።

የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሲሰፋና መንገዱ ሲደምቅ መሬቱ ተፈላጊ ሆነ። ደላላ በባጃጅ እየተመላለሰ ያላዩትን ሀብት በየበሩ ያወራ ጀመር። በ2004 ዓ.ም. ደንቡ ይሻርና ሁሉም ቤቱን በገበያ ዋጋ ይሽጥ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከጠያቂዎቹ ፊት የቆመው የገዛ ልጃቸው አማኑ ነበር። ሚኒባስ ገዝቶ ሥራ ለመጀመር ቋምጦ ነበርና “ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል፤ እስከ መቼ ነው ሞኝ የምንሆነው?” አለ።

ወይዘሮ ካሳነሽ ልጃቸውን አልተቆጡም። ስብሰባውን ሶንጎ በሚባለው የጌዴኦ ሸንጎ እንደሚቀመጡ ሽማግሌዎች ወግ ከዛፍ ሥር አደረጉትና፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እያንዳንዱ ከማን ግቢ እንደ መጣ እንዲናገር ጠየቁ። አንዷ አባል አከራይዋ መጸዳጃ ቤቱን ይቆልፍባት እንደነበር ተናገረች። አቶ ሠረቀብርሃን እንግዳ መጥቶባቸው ከአከራይ የተደበቁበትን ቀን አወሩ። ተራው ሲደርስ አማኑ ስለዚያ ዝናብና ስለ ፋኖሱ ተናገረ። ድምፅ ሲሰጥ ግን እጁን ያወጣው ለሽያጩ ነበር። ደንቡ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ጸና። አማኑም አኩርፎ ወደ ገደብ ከተማ ሄደ። እናት አንጀታቸው እያረረ በመንደሩ ሰው ፊት ይስቁ ነበር።

አማኑ ገደብ ላይ የሰው ሚኒባስ እየነዳ፣ የሰው ቤት ተከራይቶ ኖረ። በ2008 ዓ.ም. ሚስቱ በወለደች ሰሞን አከራዩ ልቀቁ አለው። ለእናቱ ደወለ። ወይዘሮ ካሳነሽ “ና፣ ቤትህ ነው” ከማለት በቀር የተናገሩት የለም። አማኑ ባለቤቱንና ሕፃኑን ይዞ መጥቶ ክረምቱን በእናቱ ቤት አሳለፈ፤ ኋላም ገደብ ላይ የራሱን ጎጆ ቀለሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ መሸጥ ሲያነሣ የሰማው የለም።

ወይዘሮ ካሳነሽ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በዲላና በሐዋሳ ሲታከሙ ቆዩ። ነርሷ ልጃቸው ሀኒ ከሐዋሳ እየተመላለሰች አስታመመቻቸው። ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቃቸው የቤቱ ነገር ነበር። በደንቡ መሠረት ከልጆች የሚኖርበት ከሌለ ቤቱ ተራ ለሚጠብቅ ይተላለፋል፤ ደላላው ደግሞ ገና በሕይወት ሳሉ አማኑን ገደብ ድረስ ሄዶ አነጋግሮት ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ አማኑ ሊጠይቃቸው ሲመጣ፣ “ቤቱስ?” አሉት። አማኑም “ተራው የስመኝ ነው፣ እማ” አላቸው። ስመኝ ሁለት ልጆች ይዛ በኪራይ የምትኖር ቡና ለቃሚ ናት። ወይዘሮ ካሳነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። ቆይተውም፣ “እንግዲያውስ እንሰቱን አምጣላት” አሉ።

አማኑ ችግኙን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኖ ከገደብ አመጣ። ስመኝ ስትተክል ወይዘሮ ካሳነሽ በረንዳው ላይ በወንበር ተቀምጠው እየጠቆሙ አዘዟት። አቶ ሠረቀብርሃንም ጎንበስ ብለው ቅጠሉን አገላብጠው፣ ሙዝ አለመሆኑን በጸሐፊነታቸው አረጋገጡ። በዚያ በረንዳ ላይ ወይዘሮ ካሳነሽ ለመጨረሻ ጊዜ የሳቁት ያን ቀን ነው።

ወይዘሮ ካሳነሽ ሙሉካ ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በአልጋቸው ዙሪያ ቆመው ሲዘምሩ በራሳቸው ቤት ወደ ጌታ ሄዱ። የሁለት ልጆች እናት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ፤ በዚያ መንደር ተወልዶ እማማ ሳይላቸው ያደገ ልጅ ግን የለም።

በር ሲንኳኳ ሲደነግጡ የኖሩትን እናታችንን፣ እግዚአብሔር ማንም ልቀቂ በማይልበት ቤት ነፍሳቸውን ያሳርፍ። ለልጆቻቸው፣ ለጎረቤቶቻቸው፣ ቁልፉን ለምትረከበው ለስመኝም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።