ያለ ፊርማ የማይወጣ አውሮፕላን

ሰኞ፣ የካቲት 3

ተገኘ! ሰላምታው ይቆየን ደብተሬ... የአባባ ጄት ተገኘ! ተገጣጣሚ፣ የፕላስቲክ፣ ከነሣጥኑ። የአሻንጉሊት ሱቁ ባለቤት ከመጋዘን ጥግ አቧራውን እፍ እፍ እያሉ አወጡት። ስንት ዓመት ማንም ጠይቆት አያውቅም አሉ። ስዕሉን ሳይ ጮህኩ መሰለኝ፣ ሰውዬው ደነገጡ። መጋረጃ ስትሰፋ የኖረች ሴትዮ በአሻንጉሊት ትጮሃለች?

አባባ ሃያ ሁለት ዓመት የዚህ አውሮፕላን መካኒክ ነበር፣ ጄት ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ። ስለሱ ሳያወራ ያለፈ ምሳ አላስታውስም። አሁን ግራ ዓይኑ አያይም። ቀኙንም የዓይን ግፊት እየበላው ነው። ሐኪሟ ባለፈው ሳምንት ወደ ጎን ወሰደችኝና... ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት። "የምታሳዩት ነገር ካለ አሁን አሳዩት" አለችኝ።

አሳየዋለሁ። ዓይኑ ሳይጠፋ፣ ጄቱን።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሣጥኑን በማጉያ መነጽር አገላብጦ አየና "የኛ አይደለም" አለ። ክው አልኩ። የኋለኛው ዓይነት ነው አለ፦ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ አፍንጫው የረዘመ፣ ክንፉ ጫፍ ላይ የነዳጅ ታንክ ያለው። የነሱ ባለ አንድ መቀመጫ፣ አፍንጫው አጭር፣ ሆዱ የተነፋ ነበር። ይቆረጣላ! መጋረጃስ ሲረዝም ይቆረጥ የለ? ታንኩን እነቅላለሁ፣ አፍንጫውን አሳጥራለሁ፣ የኋላውን መቀመጫ በስቱኮ እደፍናለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እትዬ፣ አምፖል መቀየር የምትፈሪው ሴትዮ ጄት ልትሠሪ?"

አዎ። ምን ታመጣለህ?

አርብ፣ የካቲት 14

አፍንጫው ተቆረጠ። ጣቴም አብሮ። የሆዱን ሁለት ግማሾች አጣበቅኩ። በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ውዬ ወፍጮ ቤት የሠራሁ መስዬ ነበር። ደስ ይላል ግን...

ከሰዓት የአብራሪውን መስታወት በሱፐር ግሉ ለጠፍኩ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ጉም ለብሷል። ትነቱ ነው አሉ ባለሱቁ፣ ያ ኮላ ለመስታወት አይሆንም። ቀድሞ የሚናገር ሰው እንዴት ይጠፋል? ቁጭ ብዬ አየሁት። ነጭ፣ ድፍን። የማንን ዓይን እንዳስታወሰኝ አልጽፍም።

ከውሃ ጠርሙስ ሌላ እቆርጣለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

አባባ "እስቲ የደረሰበትን አሳዪኝ" አለ። ሲጠይቀኝ ሦስተኛ ጊዜው ነው። እኔ ደግሞ በጨርቅ ሸፍኜ አስቀምጠዋለሁ። ስቱኮው ቁስል ይመስላል፣ እንዴት ይኼን ይይ? "ሙሽራዋ ተኳኩላ ትቅረብ እንጂ አባባ" አልኩት። ሳቀ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ብርማ ቀለም ተቀባ! ያበራል! ሁለት ቀን ይድረቅ። ቅዳሜ ጠዋት፣ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ እጠራዋለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

"መስኮቱን ክፈቱልኝ" አለ። ክፍት ነበር። ፀሐዩ ፊቱ ላይ ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ሐኪሟ አብርታ አየች፣ አጥፍታ አየች... አበቃ። ቀድሞ መጣ፣ እንዲህም ያጋጥማል አለች።

ሦስት ጊዜ ለመነኝ። ሦስት ጊዜ! ለቀለም ብዬ። ስቱኮውስ ቢታይ ምን ነበረበት? እሱ ስንት የተበሳሳ አውሮፕላን ያየ ሰውዬ። ለማን ነበር የማሳምረው? ለራሴ ነው። "አየህ ልጅህን" ለማለት።

ቆሻሻው ውስጥ ልጥለው ነበር። ወንድሜ ከእጄ ቀማኝ። አልቀለደም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

አስራ ሁለት ቀን ሆነው፣ ከአልጋ አይወርድም። ከአፉ የሚወጣው "እሺ" ብቻ ነው። ብላ ሲሉት እሺ፣ አይበላም። እኔም ወሬዬ ደርቋል። እኔ! ሥራ ቦታ ምን ሆነሽ ይሉኛል።

ዛሬ ይቅርታ ልጠይቅ ገባሁ። ቃሉ አልመጣ ሲለኝ አውሮፕላኑን እጁ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ጣቱ ሄደ። አፍንጫው፣ የአየር ማስገቢያው፣ ጅራቱ። ትሪ አምጪ አለ። በጎማዎቹ አቆመው። አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ጋደለና በጅራቱ ቁጭ አለ፣ አፍንጫውን ወደ ጣሪያ ቀስሮ።

"አፍንጫው ውስጥ ክብደት አልከተትሽም።"

አልከተትኩም። ማን ነገረኝ? ባዶውን ዘግቼዋለሁ።

"ይኼን አልፈርምም" አለ። በነሱ ሥራ መካኒኩ ፈትሾ ቅጹ ላይ ካልፈረመ አውሮፕላን ከቦታው አይነቃነቅም፣ ጄኔራልም ቢመጣ። "ክፈቺው።"

"ቀለሙስ አባባ?"

"ቀለሙ ለማን ነው?"

ወጥቼ ኩሽና ውስጥ አለቀስኩ።

እሑድ፣ መጋቢት 14

በመጋዝ ከፈትኩት። ያ ሁሉ ብር ተላጠ፣ ተቧጨረ። ከሥራ ቦታ የእርሳስ ፍሬ አምጥቻለሁ፣ ከባድ መጋረጃ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ጠርዙ ውስጥ የምንሰፋውን። አባባ ራሱ እያንዳንዷን በጣቱ ገፋ። ክንፎቹን ከሥራቸው በሁለት ጣት ይዞ ያነሳና "አንዲት ጨምሪ" ይላል። አልጋው ላይ ነው፣ ግን ተቀምጦ።

ተቆጥተኸኛል ወይ አልኩት። አይ ይለኛል ብዬ።

"አዎ" አለ።

ቀጣዩን እርሳስ አቀበልኩት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ዛሬም አልፈረመም። እንደ ሳሙና ያሟልጫል አለ፣ ሪቬቱ የታለ? ቆርቆሮውን የሚያያይዙት ትንንሽ ችንካሮች። ባለሱቁን ብጠይቃቸው ሞዴል የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን እብጠት ፍቆ ነው የሚያጠፋው አሉ። እኔ ልጨምር ነው የመጣሁት። በመርፌ ጫፍ የኮላ ጠብታ፣ ሲደርቅ ሌላ ጠብታ። ወገቤ ተቆረጠ። አባባ መስመር መስመሩን በጣቱ እያነበበ "እዚህ ዘለልሽ" ይላል። ከነገረኝ በላይ ስንቱን ዘልያለሁ...

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

ፈረመ።

በራሱ እግር ወደ ጠረጴዛው መጣ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ። አንድ ሰዓት ፈተሸ። ገፋው፣ አልጋደለም። "ወረቀት" አለ። እጁን ልይዝለት ስል አራገፈኝ። ፊርማው ከወረቀቱ አልፎ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ወጣ። አላጥበውም።

ዓይኑ አልተመለሰም። አይመለስም። ያንን ቅዳሜ ጠዋት ማንም አይመልስልኝም፣ እኔም ረሳሁት አልልም። አውሮፕላኑም የተላጠ፣ ቡግር የወረሰው፣ አስቀያሚ ነገር ነው። ግን አባባ ምሳ ላይ እንደገና ስለ ጄቱ አወራ። ሾርባው ቀዘቀዘበት። ወንድሜ "አሁንስ ጀመረ" ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

ከድሮ የሥራ ጓደኞቹ ሦስት ቀርተዋል። አውሮፕላኑን መጥተው እንዲያዩ ለሦስቱም ደወልኩ። ወንድሜ ከነሚስቱ ይመጣል። ባለሱቁም፣ ሐኪሟም፣ የልብስ ስፌት ጓደኞቼም። የአባባ ትእዛዝ አለ፦ የሚገባ ሁሉ በሩ ላይ ዓይኑን ይጨፍናል፣ መጀመሪያ በእጁ ነው የሚያየው። እሑድ፣ ሚያዝያ 5፣ በዘጠኝ ሰዓት። ቀረሁ የሚል እንዳልሰማ።