የደፋሁት የላይኛው ፈሳሽ

ውድ ባባ ሰይቡ፣

ሦስቱን ደብዳቤዎቼን ሳይከፍቱ መልሰውልኛል። ይህን አራተኛውን ለልጅዎ ለዉምፒኒ የላክሁት ጮክ ብላ እንድታነብልዎ ለምኛት ነው። እባክዎ አያቋርጧት። ጨንቆኛል፤ መግቢያ መውጫ ጠፍቶኛል።

ኩማሲ ዩኒቨርሲቲ፣ እርስዎ የሚያዙበት ቤተ ሙከራ የገባሁበትን የመጀመሪያ ቀን ያስታውሳሉ? ቧንቧውን ከፍተው ውሃውን እንደ ክር አቀጠኑት። የፕላስቲክ ማበጠሪያዬን ጸጉሬ ላይ እንዳሸው አዘዙኝና ተቀብለው ወደ ውሃው አስጠጉት። ውሃው ወደ ማበጠሪያው ጎበጠ።

“አየሽው? ሲጠሩት ዞር ይላል” አሉኝ። “ሞለኪውሉ አንዱ ጫፉ አሉታዊ፣ ሌላው አዎንታዊ ነው። እናንተ በመጽሐፍ ሦስት ገጽ የምትፈጁበት ፖላር የሚባለው ነገር ይኸው ነው።”

ቀጥለው ከአሮጌው ጠርሙስ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባለውን ፈሳሽ አንቆረቆሩ። ማበጠሪያው ቢጠጋው ንቅንቅ አላለም።

“ይሄኛው ደንቆሮ ነው እንዴ ባባ?”

“ደንቆሮስ አንቺ! አራት ክሎሪኖች በአራት ወገን እኩል ይጎትቱታል። እርስ በርስ ተጣፍተው ነው የጉተታው ድምር፣ ዳይፖል ሞመንት የምትሉት፣ ዜሮ የሆነው። ዜሮ ስለሆነ ውስጡ ትግል የለም ብለሽ እንዳትሸወጂ።”

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የመድኃኒት ዛፉን ቅርፊት ያመጡልኝም እርስዎ ነዎት። በትውልድ ከተማዎ በዬንዲ ያሉት ታላቅ ወንድምዎ፣ መድኃኒት አዋቂው ናፓሪ፣ ለማንም የማይሰጡትን በእርስዎ ቃል አምነው አንድ ጆንያ ሰጡ። ዛፉን እዚያው ዓመት ሰደድ እሳት በላው። ስለዚህ የቀረው እኛ እጅ ያለው ብቻ ነበር።

ዓመቱን ሙሉ መድኃኒቱን ከቅርፊቱ ውሃ ነጥለን ያወጣነው በክሎሮፎርም ነው። ክሎሮፎርም ከውሃ ስለሚከብድ የምንፈልገው ሁልጊዜ ከታች ነበር። የዓመቱን ድካም በሙሉ ለመጨረሻ ጊዜ የምናጠራ ቀን ክሎሮፎርሙ አለቀና በምትኩ ኢታይል አሲቴት ሰጡኝ።

“ይሄኛው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ዶክተር ጥድፊያ። ከተጠራጠርሽ አንድ ጠብታ ውሃ ጨምሪበት፤ ጠብታዋ ከተዋሃደች ያ የውሃው ክፍል ነው። ደግሞ ሥራው ሳያልቅ ምንም አይደፋም፣ ሰማሽ?” ብለውኝ ለጁምዓ ሶላት ወጡ።

በማግስቱ ቅዳሜ የአክስቴ ቀብር ነበር። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው፣ ቀይና ጥቁር የለቅሶ ልብሴ አልተተኮሰም፣ እናቴ በስልክ ትጮሃለች። እጄ እንደለመደው የታችኛውን አስቀረሁ። የላይኛውን በቆሻሻው በርሜል ውስጥ ደፋሁ፤ ዕቃውንም አጥቤ ሮጥኩ። በርሜሉን ማታውኑ ጭነው ወሰዱት። ሰኞ ያስቀረሁትን ሳተነው ውሃ ብቻ ነበር።

ጉዳዩን ለማጣራት በተጠራው ስብሰባ ላይ ዲኑ ፕሮፌሰር ቦዋቺ “ማነው የነካው?” ሲሉ እርስዎ ወደ እኔ ዞሩ። ብዙ ጠበቁኝ። ከዚያ “የቤተ ሙከራው ኃላፊ እኔ ነኝ” አሉ። አንዱ ከኋላ “ሸጦት ይሆናል” አለ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለራሴ የምነግረው እንዲህ እያልኩ ነው፦ በአንድ ወገን ፍርሃት፣ በሌላ ወገን እርስዎ፣ እኩል ጎተቱኝና ድምሩ ዜሮ ሆነ፤ ንቅንቅ ማለት አቃተኝ። ውሸት ነው ባባ። እኩል አልነበሩም። ፍርሃቴ በልጦ ነበር።

እርስዎ ተባረሩ፤ እኔ በሌላ ቅርፊት ተመርቄ ረዳት መምህር ሆንኩ። ባለፈው ወር ዬንዲ ደጅዎ ድረስ መጣሁ። ከውስጥ “ውሃ ስጫትና ትሂድ” ሲሉ ሰማሁ። ውሃውን ቆሜ ጠጣሁ። ዉምፒኒ እስከ መንገድ ሸኝታኝ፣ “አጎቴ ባባን ለዒድ እንኳ ሰላም አይለውም። የአባቶቻችንን መድኃኒት ለፈረንጅ ቸበቸበው ይላል። ባባ ደግሞ አንድ ቀን አፉን ከፍቶ አንቺ ነሽ አላለም” አለችኝ። እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ሁሉ ጽፌ ለዲኑ ሰጠሁ። ፕሮፌሰር ቦዋቺ አንብበው፣ “ሥራሽን እንደምታጪ ገብቶሻል?” አሉኝ። ገብቶኛል አልኳቸው። ግልባጩ ከዚህ ጋር አለ፤ ዉምፒኒ ለወንድምዎ ታንብብላቸው።

ሐሙስ እኔም እመጣለሁ። ናፓሪ ደጅ ቆሜ በአፌ እነግራቸዋለሁ፤ ቢያባርሩኝም አልነቃነቅም። ይቅርታዎን ልለምን ድፍረቱ የለኝም። ብቻ በዚያ ሲያልፉ ዝም ብለውኝ አይለፉ። ዶክተር ጥድፊያም ቢሉኝ፣ ሌባም ቢሉኝ፣ አንድ ጊዜ ይጥሩኝ ባባ። ዞር እላለሁ።

የላይኛውን የደፋሁት እኔ ነኝ፣
ሴርዋ