ስለ በቅሎዋ ኦፓል ከሥራ መሰናበት

ለክቡር ዶክተር ላንደን ስታምፐር
የብራንስኮም ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ዳይሬክተር
ብራንስኮም፣ ቴነሲ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ይህች ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ታትማ እጅዎ እስክትገባ ድረስ በወንበርዎ ላይ እንዲቆዩልኝ አጥብቄ እጸልያለሁ። ከእርስዎ በፊት ለነበሩት ዳይሬክተር የጻፍኩት ደብዳቤ የደረሰው ለእርስዎ ነበርና፣ እርስዎም «ባለ አድራሻው የሉም» ብለው ሳይከፍቱ እንደመለሱልኝ አልዘነጋሁም። ጨዋነትዎን አደንቃለሁ፤ የሰው ደብዳቤ አይከፈትም።

እኔ ቨርና ክላክስተን እባላለሁ። ከስታዲየሙ ጀርባ ባለው መስክ የምኖር፣ ባሌ ሆሊስ ካረፈ ወዲህ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን በቅሎ፣ የቡድናችን ምልክት የሆነችውን ኦፓልን፣ ብቻዬን የምንከባከብ ሴት ነኝ። ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን እግር ኳሳችንን የሚጫወተው ቡድን «አራሾቹ» እንደሚባል መቼም ከደብዳቤዎ ማኅተም ላይ አንብበውታል። በየዓመቱ የመጀመሪያው የሜዳችን ጨዋታ ሊጀመር ሲል አሠልጣኙ ከኦፓል ኋላ እርፍ ጨብጦ ከሜዳው ዳር አንድ ትልም እንደሚያወጣ፣ ሕዝቡም የትልሙን መቃናትና መጣመም አይቶ ስለ ዓመቱ እንደሚተነብይ ግን፣ እርስዎ የመጡት በቅርቡ በመሆኑ፣ ምናልባት ገና አልሰሙ ይሆናል።

ባለፈው ሰኞ ከቢሮዎ በደረሰኝ ማስታወቂያ ኦፓል ከሥራዋ መሰናበቷን፣ የፊታችን ዓርብም መኪና መጥቶ ወደ ከብት ጨረታ እንደሚወስዳት ተረዳሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላት በቅሎ ከጨረታ በኋላ ወዴት እንደምትሄድ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ከዚያ በሕይወት የተመለሰ የለም፤ በጋዜጣ ላይ አልጽፈውም እንጂ የቦታው ስም አይጠፋኝም። ስለዚህ የቀረኝ ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ውሳኔው ስለተመሠረተበት ጥናት። ከአትላንታ ያስመጧቸው አማካሪዎች ጫማቸው እንዳይቆሽሽ እየተጠነቀቁ ወደ አጥሬ በመጡ ዕለት፣ ከመካከላቸው ወጣቱ «ይቺ በቅሎ እዚህ ከመጣች ስንት ጊዜ ሆናት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «አንተ የተወለድክ አይመስለኝም» አልኩት። ወደ ጓደኛው ዞሮ «አገኘነው» አለው። ምን እንዳገኙ የተረዳሁት ሪፖርታቸው በጋዜጣ ሲወጣ ነው። በተሸነፍንባቸው ዘጠኝ ዓመታት ዘጠኝ አሠልጣኞች ተለዋውጠዋል፤ ማሊያው ተለውጧል፤ ሣሩ ተነቅሎ ፕላስቲክ ተነጥፏል፤ መፈክሩ በየዓመቱ ታድሷል፤ የፈንዲሻው ጨው ሳይቀር ተቀንሷል። ሽንፈቱ ግን አልተለወጠም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልተለወጠች ኦፓል ብቻ ስለሆነች ጥፋቱ የኦፓል ነው።

የዚህን አስተሳሰብ ጥራት ከማድነቅ በቀር የምለው የለኝም። ዋንጫውን ባነሳንበት ዓመትም ኦፓል ይቺው ኦፓል እንደነበረች ቢያውቁ ኖሮ ጥናቱ ይበላሽባቸው ነበርና ወደ ኋላ ሄደው አለማየታቸው ደግ ነው። ከስታዲየሙ በታች የሚያልፈው ወንዝም በነዚህ ዓመታት ስላልተለወጠ፣ ቀጣዩ ተሰናባች እሱ እንዳይሆን ብቻ እሰጋለሁ።

፪. ስለ ካሳ። የከብት መኖ የሚሸጠው ኦዴል ራግስዴል ወሬውን እንደሰማ «ቨርና፣ ኦፓልን አባረሯት አሉ። ካሳስ ሰጧት?» አለኝ። ምንም እንዳልሰጧት ስነግረው ራሱን ነቀነቀና «እንግዲያው ወኪል አልያዘችም» አለ። እውነቱን ነው። በኛ ዘንድ የተባረረ አሠልጣኝ ለቀሪው ውሉ እየተከፈለው ይኖራል፤ አንዱማ ካሊፎርኒያ ገብቶ በኛ ገንዘብ ወይን ተክሏል። ወይኑ እንዳማረ ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ አለን። ለኦፓል የምጠይቀው ገለባ ብቻ ነበር።

፫. ስለ አሠልጣኝ በርል ታኬት ሐውልት። ዋንጫውን ያመጡልንን ሰው ሐውልት ለክቡራን እንግዶች መኪና ማቆሚያ ቦታ ለመልቀቅ ሲባል አንሥታችሁ ከመንገዱ ማዶ ስላቆማችሁት፣ ቀድሞ ወደ ሜዳው ይጠቁም የነበረው የነሐስ ጣታቸው አሁን የሚጠቁመው ወደ ሃምበርገር ቤቱ ነው። የሃምበርገር ቤቱ ገበያ ደርቷል። በነዚህ ዓመታት አሸናፊ ያደረጋችሁት ነገር ቢኖር እሱ ነውና ባለቤቱም እኔም እናመሰግናለን።

፬. ኦፓልን ስለሚተካው። በአየር የሚነፋውንና ተጫዋቾቹ በአፉ በኩል በጭስ ታጅበው የሚወጡበትን የፕላስቲክ በቅሎ ልምምድ ማክሰኞ ዕለት ከአጥሬ ሆኜ ተመልክቻለሁ። እጅግ ግዙፍ ነው። ተጫዋቾቹ ገና ሆዱ ውስጥ እንዳሉ አየሩ አፈተለከና ቀስ ብሎ ተቀመጠባቸው። ልጆቹ በኋላ በየት በኩል እንደወጡ ለጨዋነት ስል አልጽፈውም። ኦፓልም አንገቷን በአጥሩ ላይ አስግጋ ስታይ ቆይታ ፊቷን አዞረች፤ እኔም ዞርኩ።

፭. ይህኛው ቅሬታ አይደለም፤ ነገር ግን ቁጥር ጀምሬ ነበርና ይግባ። ረቡዕ አመሻሽ ላይ አሥረኛው አሠልጣኝ፣ ወጣቱ ቴት ብሮዱስ፣ ብቻውን በእግሩ ወደ ቤቴ መጣ። በጋዜጣዊ መግለጫችሁ ላይ «አዲስ ምዕራፍ» ከሚለው ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲስቅ አይቼው ነበር፤ በሬ ላይ ሲቆም ግን አይስቅም። «ሚስ ቨርና፣ ቅዳሜ በፕላስቲኩ ነው የምትወጣው ብለውኛል፤ ግን ስለ ትልሙ ሰምቻለሁ። አንዴ ልሞክረው?» አለኝ።

ኦፓልን ጠምጄ እርፉን አስጨበጥኩት። ገና ጥቂት እንደሄዱ ወደ ግራ ይዛው ሄደች፤ ሲጎትታት ወደ ቀኝ ዞረችና የጎመን መደቤን ሁለት ቦታ ከፈለችው። ላቡን በክንዱ ጠርጎ አጥሩ ላይ ተደገፈ።

«ከሰው ጋር መጣላት አልወድም፤ ይቺ በቅሎ ግን ጠልታኛለች» አለኝ።

«አልጠላችህም፣ ልጄ። ገና አላወቀችህም» አልኩት።

ከአይዳሆ ከመጡ ጀምሮ ሚስቱን የዕቃ ሳጥኖቹን እንዳትፈታ እንደነገራት፣ ልጆቹም በሳጥን ላይ እራት እንደሚበሉ አጫወተኝ። «ምን ያደርጋል ፈትቶ ማሰር?» አለ። ክቡር ሆይ፣ ያሳዘነኝ የጎመኑ ጉዳይ አልነበረም።

እዚህ ላይ ከተማው በሙሉ የረሳውን አንድ ነገር እንዳስታውስ ይፍቀዱልኝ። የበርል ታኬት ትልም እንደ ክር ቀጥ ያለ ነበር እየተባለ ይወራል፤ አማካሪዎቹም ሪፖርታቸው ላይ «የጥንቱ ቀጥተኛ ትልም» ብለው ጽፈውታል። ታኬትና ኦፓል ሥራ የጀመሩት በአንድ ዓመት ነው፤ እኔና ሆሊስም ገመዷን ይዘን እዚያው ነበርን። የመጀመሪያው ትልማቸው ከመስመሩ ወጥቶ በቀጥታ ማርሽ ባንዱ መሐል ገባ። ትልቁን ጥሩምባ የሚነፋው ልጅ ጥሩምባውን ጥሎ አጥር ላይ ወጣ። በዚያ ዓመት አንድም ጨዋታ አላሸነፍንም።

ታኬትን ግን ማንም አላባረራቸውም። ደጎች ስለነበርን አይደለም፤ ለማባረሪያ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረን ነው። በሁለተኛው ዓመት ትልሙ ከባንዱ ራቀ። በሦስተኛው ትንሽ ብቻ ተወላገደ። ኦፓል አንድን ሰው ለማወቅ ዓመት ይፈጅባታል፤ ከታኬት ወዲህ ከመጡት ዘጠኙ መካከል ሁለተኛ ትልም ያወጣ አንድም የለም። ኦፓል ጠማማ ትልም አሳይታችሁ ከሆነ፣ ያሳየቻችሁ ይህንን ነው።

አሁን ቀልዱን ላቁመው። ይህችን በቅሎ ማጣት አልችልም። ሆሊስ ከሞተ በኋላ በየጠዋቱ ከአልጋዬ ያስነሣችኝ እሷ ናት፤ ትጮኻለች፣ እወርዳለሁ፣ አበላታለሁ፣ ቀኑም በዚያው ይጀምራል። ቅዳሜ የባንዱ ድምፅ ሲሰማ ማንም ሳይጠራት ወደ በሩ ሄዳ ፊቷን ወደ ስታዲየሙ አድርጋ ትቆማለች። የፊታችን ቅዳሜ ያ በር ባዶውን ሲሆን ማየት ያስፈራኛል። ስለዚህ የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው፤ ኦፓልን እንዲተዉልኝ፣ ያንንም ልጅ ሁለተኛ ትልም እስኪያወጣ እንዲታገሡት።

የቡድናችንን ክብር ለመመለስ ሲሉ የቡድኑን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ለማስወገድ በሚያደርጉት ያላሰለሰ ጥረት ከልብ እየኮራሁ፣ ለሚቀጥለው መፈክርዎም መልካም ምርጫ እየተመኘሁ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቤት፣ አንድ በር፣ አንዲት በቅሎ ይዤ በመቆየቴ ለጥናታችሁ እንቅፋት ሆኜ ከሆነ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ፤ እርስዎ ካልቀደሙኝ።

ቨርና ክላክስተን
ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ከአረንጓዴው በር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ዓርብ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ላደርስ ስወጣ የጨረታው መኪና በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሾፌሩ ግን ወርዶ ኮፍያውን አወለቀና «ሚስ ቨርና፣ የሚፈርምልኝ ሰው አጣሁ። ዳይሬክተሩ ትናንት ለቀዋል አሉኝ፤ ኦሃዮ የተሻለ አግኝተው ነው መሰለኝ። እኔ እንግዲህ ያለ ፊርማ በቅሎ ጭኜ ሌባ አልባልም» አለኝና፣ የኦፓልን ጆሮ አክኮላት ባዶ መኪናውን እየነዳ ሄደ። ስለ አዲሱ ሹመትዎ እንኳን ደስ አለዎት፤ ለብራንስኮም ካደረጉት ሁሉ ይህን የመሰለ አላየሁም።

በዚያው አሠልጣኝ ብሮዱስ መጥቶ ሚስቱ የወጥ ቤቱን ሳጥን መፍታቷን ነገረኝ። ነገ ከኦፓል ጋር የሚያወጣው ትልም ጠማማ እንደሚሆን ነገርኩት፤ «አውቃለሁ» አለኝ። ፕላስቲኩን የሚነፋ ሰው ከተገኘ ከኋላችን ይከተል።

ደብዳቤውን እንደገና ከመጻፍ ስምዎን እንዳለ ትቼዋለሁ። ለቢሮዎ በምልከው ግልባጭ ፖስታ ላይ ግን «ለጊዜው በወንበሩ ላይ ላሉት» ብዬ ጽፌበታለሁ።