ታዲያ እሺ ያለው ማን ነው?

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለተኽላይ፦

ሰላምታዬ ፍራንክፈርት ካለህበት ድረስ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ካርቶን ስታነሳ ይወጋሃል? ብርዱ ጀመረ? እማዬ የላከችልህ ጋቢ ደረሰህ? ስለ እንቅልፍህ ግን አልጠይቅህም፤ ደህና አድርገህ እንደምትተኛ አውቄያለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማለቴ በአካል ደህና ነን። እኔ ግን እርር ድብን ብያለሁ፤ ይህንንም የምጽፍልህ እንዳረርኩ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። በስልክ ብጽፍልህ የአውራ ጣት ምልክት ልከህልኝ መልሰህ ትተኛለህ። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ ለስልጠና ወደዚያ ለምትመጣው ለመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ለሰብሊ ሰጥቻታለሁ። አንተ ራስህ መጥተህ ካልተቀበልካት ለማንም እንዳትሰጥ አደራ ብያታለሁ።

አንተ ምንም የምታውቀው ስለሌለ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። መስከረም መጨረሻ ላይ ቤታችን ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸው ቀለመወርቅ ነው፤ ያ ጎተራ የሚኖረው መምህር፣ ለአባዬ አርባ ድንኳን ሲተክል ያየኸው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ነገር የሚያቀርቡት አቶ ተካ ናቸው። እማዬ ተቀመጡ ብትላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው በር ላይ ቆሙ። እሷም እንደ ወጉ፣ አባቷ ቢያልፍም ታላቅ ወንድሟ አለ፣ እሱ ሳይሰማ መልስ የለኝም ብላ በሁለት ሳምንት ቀጠረቻቸው። እኔ እንደሆንኩ እወደዋለሁ፤ ይኸው አንተም ስማ።

ታዲያ አንተን የት ላግኝህ? ስደውልልህ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነህ። ስልክ ላይ እየተጣደፍን ምን እናወራለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ የምጫወተው የኢንተርኔት ጌም ላይ እንገናኝ፣ እዚያ ውስጥ ያለው ድልድይ ጋ ቁጭ ብለን እንጫወታለን ያልከኝ አንተው ነህ። እሺ ብዬ በሠላሳ አንድ ዓመቴ ካሳንቺስ ፀሃዬ ጌም ቤት ገብቼ፣ ከጎረምሳ መሃል ተቀምጬ ጌም ተማርኩልህ። ያን ቅዳሜ ልግባ ስል ጌሙ ከፊትሽ 1,846 ሰው ተሰልፏል አለኝ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጠበቅኩ። ተራዬ እንዳያልፈኝ ብዬ ሽንት ቤት እንኳ አልተነሳሁም።

ስገባ ድልድዩ ላይ ቁጭ ብለሃል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ጻፍኩልህ፦ ስለ ቀለመወርቅ፣ ስለ እማዬ ብቻዋን መቅረት፣ አባዬ ቢኖር ምን ይል እንደነበር፣ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ሁሉ። አንተ ዝም፣ አልፎ አልፎ ብቻ ራስህን ነቅነቅ። ሥራ አድክሞት ነው፣ እያነበበ ነው አልኩ። መጨረሻ ላይ «ወንድሜ፣ ላግባው?» ብዬ ጻፍኩ። አንተም ራስህን ነቅነቅ አደረግክ፣ ልክ እንደ አባዬ ቀስ ብለህ። እዚያው አለቀስኩ። ጎረምሶቹ ተሸንፋ ነው ብለው ሳቁብኝ።

እማዬ ስነግራት እልል አለች። ሽማግሌዎቹ በቀጠሮአቸው ሲመጡ ወንድሟ ፈቅዷል ብላ አስቀመጠቻቸው፤ በሉ፣ ጠጡ፣ መርቀው ሄዱ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ላመሰግንህ ገባሁ። አሁንም ዝም፣ አሁንም ነቅነቅ። ባለቤቱ ፀሃዬ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና «እህቴ፣ ይሄ እኮ ሰው አይደለም» አለኝ። ወረፋ የሚጠብቅ ፕሮግራም መኖሩን ያን ጊዜ ሰማሁ። ተጫዋቹ ይተኛል፣ ፕሮግራሙ ይሰለፋል፤ ተራው ሲደርስ ይገባል፤ ጌሙ ሥራ ፈት ነው ብሎ እንዳያስወጣው ደግሞ በየአራት ደቂቃው ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። አላመንኩም፣ ሰዓት ይዘን ቆጠርን። በየአራት ደቂቃው ነው፣ አንዴም አላዛነፈም።

ማን ነው የነበረው ብዬ በስልክ ብጠይቅህ ምን አልክ? ውይ፣ ተኝቼ ነበር፣ ፕሮግራሙ ነው፣ አንቺም ወረፋ ላይ እንዳትንገላቺ ይኸው ተጠቀሚበት ብለህ ላክህልኝ! ምን ጽፈሽልኝ ነበር ብለህ እንኳ አልጠየቅክም። እስቲ አሁን የኔው ካንተው ጋር ድልድይ ላይ ተቀምጠው ሲነቃነቁ ይዋሉ? እኛስ ምን ልንሆን ነው? ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ያንተ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ወረፋ ማስያዝን እኔም አውቃለሁ። ለገሃር ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንቴ ቦታዬን ያዥልኝ ብዬ ሄጃለሁ፣ ስንቴስ ለሰው ይዣለሁ። ግን ቦታ ያስያዘ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ሌሊት እንደምትሠራ፣ እንደሚደክምህ አጥቼው አይደለም። ተኛ፣ ማን ከለከለህ? በቃ ዛሬ ደክሞኛል በለኝ እንጂ አሻንጉሊት ጎልተህ አታስለፍልፈኝ።

ከእማዬ ደብቄ ማደር አልቻልኩም፣ ነገርኳት። ምሳዋን ሳትበላ ነጠላዋን አጣፍታ ሰንጋ ተራ አቶ ተካ ቤት ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሷ ግን ቃሏን ልትመልስ ሄደች። ልጄ እሺ አላለም፣ ሳላውቅ ዋሽቼአችኋለሁ አለቻቸው። አቶ ተካ ግራ ገባቸውና «ታዲያ እሺ ያለው ማን ነው?» ብለው ጠየቋት። እናትህ በሰባ ዓመቷ መሬት መሬቱን ስታይ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ይህን አልረሳልህም።

ደግ ሰው ናቸው፤ ጾም ሳይገባ እንጨርሰው ብለው ለእሑድ ኅዳር 7 ቀጥረውናል። ከዚያ በፊት ለእማዬ ደውልላት፣ በገዛ ድምፅህ። እሺ ካልክ እሺ በል። እምቢ ካልክም እምቢ በል፤ እጣላሃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ግን የተጣላሁት ከወንድሜ ጋር መሆኑን አውቃለሁ።

አብሮህ ለሚኖረው ለግርማይ ሰላም በልልኝ፤ እሱ ቢያንስ ሲደወልለት ያነሳል። ታች ፎቅ ላሉት ለአሮጊቷ አከራይህም ሰላምታዬን አድርስ። እማዬ ብትቆጣም ትስምሃለች። ቀለመወርቅም ሰላም ብሎሃል፤ ደክሞት ነው እያለ ይሟገትልሃል።

ለዚያ ለወረፋ ጠባቂህም ሰላም በልልኝ። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦልኛል፤ አባዬ ከሞተ ወዲህ አንተ ይህን ያህል ተቀምጠህልኝ አታውቅም።

እህትህ መርሃዊት
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
እሑድ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.